የዝናቡ መጅ

ዝቋላ የተመደብኩት በ1988 ዓ.ም ነው። ከቢቸና ርቄ ሄጄ የማላውቅ የጎጃም ልጅ ነበርኩ። የላቦራቶሪ ሙያ ተምሬ እንደጨረስኩ ዋግ ኽምራ ደረሰኝ፤ ሰቆጣ ስደርስ ደግሞ «ዝቋላ ማይክሮስኮፕ አለ፣ የሚያይበት ሰው የለም» ብለው ወደዚያ ላኩኝ። መኪና የሚገባበት መንገድ አልነበረም። ዕቃዬን በአህያ ጭኜ ከደጋው ቁልቁል ስወርድ አየሩ በየመታጠፊያው እየሞቀ ሄደ። ገብሱ አለቀና ማሽላ ተተካ፤ ማሽላውም አለቀና ግራርና ፍየል ብቻ ቀረ።

ቤት የሚያከራይ ሰው ስላልነበረ ከክሊኒኩ ከፍ ብለው የሚኖሩ ባልና ሚስት በግቢያቸው ያለችውን ትንሽ ጎጆ ሰጡኝ። ባልየው ዝናቡ፣ ሚስቱ አስቻለች ይባላሉ። ቤዛ የምትባል አንዲት ልጅ ነበረቻቸው። እርስ በርሳቸው የሚያወሩት በኽምጣንጋ ነው፤ እኔ ስገባ ወደ አማርኛ ይመለሳሉ። በኽምጣንጋ የጀመሩትን ሳቅ ግን እዚያው በአማርኛው ላይ ይጨርሱታል።

በዚያ ዓመት ከመንደሩ በላይ ባለው ኮረብታ ማዕድን ፈላጊዎች ሰፍረው ነበር። ምን እንደሚፈልጉ ለማንም አልተናገሩም። መሰርሰሪያቸው መሬቱን እየበሳ ይወርድና እንደ ሸንኮራ አገዳ ድቡልቡልና ረጅም የሆነ ድንጋይ ይዞ ይወጣል። ያንን እየቆራረጡ በእንጨት ሣጥን ይደረድሩታል። ዝናቡ የሣጥኖቹ ዘበኛ ሆኖ ተቀጠረ።

«ድንጋይ የሚሰርቅ ሰው አለ እንዴ አያ ዝናቡ?» አልኩት አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ።

«ሰገራ በብልቃጥ የሚያከማች ሰው ካለ፣ ድንጋይ የሚሰርቅ አይጠፋም» አለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አስቻለች ለእንግዳ ስታስተዋውቀኝ «የሰገራው ዘበኛ ነው» ትል ነበር። ሁለት ዘበኛ በአንድ ግቢ አለን እያለች ትስቃለች።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ሰዎቹ ድንኳናቸውን ነቅለው ሄዱ። የሚፈልጉትን ሣጥን ወሰዱ፤ የማይፈልጉትን ድንጋይ ገደሉ ሥር ደፉት። በበሱት ጉድጓድ ሁሉ አፍ ላይ የብረት ቧንቧ ተክለው ከደኑት። በመጨረሻው ቀን ዝናቡ ጋቢው ውስጥ የሆነ ነገር አቅፎ መጣ። አስቻለች በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«ምንድን ነው የያዝከው?»

«ወንድ ልጅ።»

ጋቢውን ስትገልጠው ድንጋይ ነው። ከክንድ ወፈር ይላል፤ ርዝመቱ ለሁለት እጅ ይበቃል። ግራጫ ነው፣ ዙሪያው የተላገ ይመስላል፤ በአንድ በኩል ቀጭን ቢጫ መስመር ያልፍበታል። እንደ ሕፃን ተቀበለችውና ክብደቱን በእጇ አመዛዘነች። ዝናቡ ፊቷን ያያል። ወደድኩት አላለችም፤ የድሮውን መጅ አንስታ ከበር ውጭ አስቀመጠችው።

ድንጋይ ለሚስት እንዴት ስጦታ እንደሚሆን የገባኝ ቆይቶ ነው። የዝቋላ ቀይ ድንጋይ ለመጅ አይሆንም። ገር ስለሆነ ወፍጮው ላይ ሲሄድ ከበርበሬው ጋር እሱም ይፈጫል፤ ወጡ ጥርስ ላይ ይንቀጫቀጫል። ደህና መጅ ከአምደወርቅ በአህያ ተጭኖ ነው የሚመጣው፤ ያለውም ጥቂት ቤት ነው። የዝናቡ ድንጋይ ግን ጠንካራ ነበር፤ አሸዋ አይጥልም። ጎረቤቶች ወጡን ቀምሰው ጥርሳቸውን ያዳምጡና ዝም ይላሉ። ከዚያ አንዷ ትነሣና ድንጋዩን ለማየት ጓዳ ትገባለች።

የዚያ ቤት ጠዋት እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ጎጆዬ ከጓዳው ጀርባ ስለነበረች በግድግዳው በኩል ሁሉም ይሰማል። ዓይኔን ሳልገልጥ የሚፈጨውን መለየት ተማርኩ። ጨው በመጀመሪያ ይንኮሻኮሻል፣ ከዚያ ድምፁ ይቀጥናል። በርበሬ ደረቅ ነው፤ ትንሽ ቆይቶ የአስቻለች ማስነጠስ ይከተለዋል። ተልባ ዘይቱ እስኪወጣ ያሟልጫል፣ ከዚያ ድምፅ የለውም ማለት ይቻላል። ስህተት የሠራሁት በአብሽ ብቻ ነው።

መጁ ሲሙለጨለጭ ዝናቡ ይወቅረዋል። የገበያ ዋዜማ ግቢው ውስጥ ካለው ግራር ጥላ ሥር ይቀመጣል፤ ድንጋዩን በጉልበቶቹ መካከል አድርጎ በብረት ጫፍ ይመታዋል። ቅር፣ ቅር፣ ቅር። ሌላው ሰው ሲወቅር እንደ ፈንጣጣ ጠባሳ ነጠብጣብ ያደርገዋል። እሱ ግን በሰያፍ መስመር፣ እንደ ዓሣ አጥንት ከመሐል ወደ ሁለት ጎን ነበር የሚያወጣው። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው፣ «እንዲያምርባት» አለኝ። ማን ላይ እንደሆነ አልነገረኝም።

በ1992 ወደ ሰቆጣ ተዛወርኩ። ከሁለት ዓመት በኋላ ዝናቡ ሰሊጥ አጨዳ ሁመራ ወረደና ወባ ይዞት እዚያው ቀረ። አብረውት የነበሩት ቀብረውት ነው የተመለሱት። ለአርባው ሄጄ ነበር። አስቻለች ድንጋዩን ይዛ ትፈጫለች፤ ሴቶቹ ሊተኳት ሲሞክሩ እጇን አታነሣም። «መቃብሩን አላየሁት» አለችኝ፣ ቀና ሳትል።

በ1999 አንድ ኩባንያ መጣ። ያን ጊዜ እነዚያ ሰዎች ይፈልጉት የነበረው ምን እንደሆነ ስሙን በይፋ የሰማነው በዚህ ዓመት ነው፤ ዩራኒየም። በዓለም ገበያ ተፈልጓል ተባለ። ኮረብታው ሊቆፈር ታስቦ ስለነበር ሕዝቡን ማነጋገር ያስፈልጋል፤ ስለ ጤናው ጉዳይ ከሰቆጣ እኔ ተላክሁ። አሁን መንገድ አለ። በአይሱዙ ተጭኜ፣ በአህያ ጭኜ የወረድኩበትን ቁልቁለት እያየሁ ነው የደረስኩት።

ስብሰባው የተደረገው በትምህርት ቤቱ ግቢ ነበር። የኩባንያው ሰው ስለ ሥራ፣ ስለ መብራት፣ ስለ መንገድ ተናገረ። ኮረብታው ተፈንቅሎ እንደሚፈጭ፣ ዱቄቱ በአሲድና በውሃ እንደሚታጠብ፣ ዝቃጩ በኩሬ እንደሚቀመጥ አስረዳ። ካሤ የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ በዱላቸው ተደግፈው ተነሡ።

«የምታጥቡበት ውሃ ከየት ነው የሚመጣው?»

«ከጥልቅ ጉድጓድ ነው አባቴ።»

«እኛ እናገኛለን ብለን ያጣነው ነዋ። ይሁን። ኩሬው በምን ይከለላል?»

«በአጥር።»

«ፍየል አጥር ታውቃለች?»

ሰው ሳቀ። ካሤ አልሳቁም። «ነፋሱስ?» ብለው ተቀመጡ።

የኩባንያው ሰው አጠገቡ ወደተቀመጠው ሰው ዞረ። ይህ ፋንታሁን ነው፤ የአካባቢ ጥናቱን እንዲሠራ ከአዲስ አበባ የተቀጠረ፣ ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ዝግ ብሎ የሚናገር ሰው። የጨረር መለኪያ አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል።

«የአባታችን ጥያቄ ተገቢ ነው» አለ። «ድንጋዩ መሬት ውስጥ ተኝቶ ሳለ ነገሩ ቀላል ነው። ክፋቱ ሲፈጭ ነው። ተፈጭቶ አቧራ ሲሆን ይተነፈሳል፤ ከምግብና ከውሃ ጋር ሆድ ይገባል። ኩላሊት ይነካል፣ አጥንት ውስጥ ይቀመጣል። በማደግ ላይ ባለ ልጅ ላይ ደግሞ ይበረታል። አሁን ከመሬት በላይ ምን ያህል እንዳለ ሳንለካ ቆፍሩ ልል አልችልም።»

የኩባንያው ሰው ጉሮሮውን ጠራረገ። እኔ ከዚያ በኋላ የተባለውን አልሰማሁም። «ሲፈጭ» ያለው ቃል የአስቻለችን ጓዳ አስታወሰኝ። ግራጫውን ድንጋይ፣ ቢጫውን መስመር፣ ጥርሳቸውን የሚያዳምጡትን ጎረቤቶች አየኋቸው። አሸዋ አይጥልም ብለን ነበር የወደድነው። አሸዋ አልጣለም ማለት ግን አልተፈጨም ማለት አይደለም፤ ጥርስ እስከማያገኘው ድረስ ደቀቀ ማለት ነው።

ስብሰባው ሲያልቅ ፋንታሁንን ይዤው ወጣሁ።

አስቻለች ግቢ ውስጥ አብሽና ተልባ በሰሌን ላይ አስጥታ ዶሮ ታባርራለች። ፀጉሯ ሸብቷል፤ እጇ ግን ያው ነው።

«የሰገራው ዘበኛ!» አለችኝ አገላብጣ እየሳመችኝ። «ዘንድሮ ደግሞ ረዳት አመጣህ?»

«አለቃ ነው» አልኳት። «ይህ ሁሉ ስንቅ ለማን ነው እቴ አስቻለች?»

«ቤዛ ልትመጣ ነው።» ቤዛ ፃግብጂ ሄዳ ካገባች ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ አሁን የመጀመሪያዋን ልትወልድ እናቷ ዘንድ ልትገባ ነው። «ለኅዳር ትደርሳለች። አራስ ቤት ባዶውን አይቆይም። ከዚያ ለልጁ ገንፎ አለ፣ አጥሚት አለ፤ መች ያልቃል።»

ስለ መሣሪያው ጠየቀች። ፋንታሁን «ይቆጥራል እናቴ» አላት።

«ምኑን?»

«በዓይን የማይታየውን።»

«እሱን የሚቆጥር ሌላ መስሎኝ ነበር» አለችና አስገባችው።

በሩ ላይ መሣሪያው አልፎ አልፎ ጢቅ ይላል። ፋንታሁን፣ ይህ በየትም ቦታ ያለ ነው አለ። በመደቡ በኩል ሄደ፤ ያው ነው። በጎተራው በኩል፣ ያው። ወደ ጓዳው ሲቀርብ ቶሎ ቶሎ ማለት ጀመረ፤ ወፍጮው አጠገብ ሲደርስ ሳያቋርጥ ተንጣጣ። ፋንታሁን ግድግዳውን ለካ፣ መሬቱን ለካ፤ ቅንድቡን ሰበሰበ።

«መጅሽን አሳዪኝ» አልኳት።

ወጣ ብላ አንድ ድንጋይ ይዛ ተመለሰችና በሩ ሥር መሬት ላይ አኖረችው። ፋንታሁን መሣሪያውን አስጠጋ፤ አልፎ አልፎ ጢቅ ከማለት አላለፈም። ተገርሞ እኔን አየኝ። ድንጋዩ ቀይ ነበር።

«እቴ አስቻለች፣ ይሄ ከበር ውጭ የጣልሽው ነው። የአያ ዝናቡን አምጪው።»

አልተቆጣችም። ጓዳ ገብታ ከወንፊቱ ሥር አወጣችው። መሣሪያው እንደ ማሽላ ፈንዲሻ ተንጣጣ፤ ፋንታሁን ድምፁን ቀነሰው።

ድንጋዩን ከአምስት ዓመት በኋላ ማየቴ ነው። መሐሉ ቀጥኗል። ሁለቱ ጫፎች እጅ የሚይዛቸው ስለሆኑ እንደ ጥንቱ ናቸው፤ መሐሉ ግን እንደ ወገብ ገብቷል። ልማዴ ነውና የጎደለውን በዓይኔ ገመትኩ። ሁለት እፍኝ ያህላል። የት እንደሄደ ሦስታችንም እናውቃለን።

ፋንታሁን በስብሰባው ያለውን ደገመላት፤ ቀስ አድርጎ፣ ሳያስፈራራ። ሰምታ ስትጨርስ «ታዲያ እኔ ምን ሆንኩ?» አለች። «ቤዛስ ምን ሆነች? ይኸው አርግዛለች።»

«ምንም ላትሆኑ ትችላላችሁ» አላት። «እርስዎን ጎድቷል ማለት አልችልም። አራስና ሕፃን ይብሉት ማለትም አልችልም።»

«በርቀት ላስቀምጠው? ወደ ጓሮ?»

«ማስቀመጡ ብዙ አይከፋም። እርስዎ ግን መጅ አስቀምጠው ያውቃሉ?»

አስቻለች ድንጋዩን አንስታ መልሳ ከወንፊቱ ሥር አስገባችው። ከሞተች በኋላም ለቤዛ እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን፤ የእናት መጅ ሌላ ቤት አይሄድም።

በማግሥቱ ክሊኒኩ ድረስ ጠራኋትና ሽንቷን መረመርኩ። ብልቃጡን ስትሰጠኝ፣ «ይኸው፣ ጠብቅ» አለችኝ። የኩላሊት ጉዳት ቢኖር ፕሮቲን ይታያል ብዬ ነው። አልታየም። ደግሜ አየሁት፤ ንጹሕ ነው። ዋሽቼ ላስፈራራት እችል ነበር፤ አላደረግሁትም። በእኔ ዓይን አለመታየቱ የለም ማለት እንዳልሆነም ነገርኳት።

«እንግዲያው አታውቁም» አለች።

«አናውቅም።»

«የማታውቁትን ነገር ብላችሁ የማውቀውን ልትወስዱብኝ ነው?» ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ሁመራ የት እንደቀበሩት የሚያሳየኝ የለም። ልብሱን ለቄሶቹ ሰጠሁ። እጁ ያረፈበት የቀረኝ ይህ ብቻ ነው። እሱ ነው የወቀረው፤ ከእሱ ወዲህ ብረት አላስነካሁትም። ሲሙለጨለጭ በጉልበቴ ነው የምፈጨው፣ ምልክቱ እንዳይጠፋብኝ።»

ነጠላዋን አስተካክላ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ከፋንታሁን ጋር ኮረብታውን ስንለካ ቆየን። የድሮዎቹ ቧንቧዎች ዝገዋል፤ አንዳንዶቹ ክዳናቸው ወልቋል። በገደሉ ሥር ከተደፋው ድንጋይ ብዙው የለም። ፋንታሁን እየዞረ መንደሩን ቁልቁል ያያል። ከዚያ ቤት ለቤት ዞርን፤ ሌላም ሁለት መጅ አገኘን፤ አንድ ቤት ደግሞ በር መደገፊያ አድርገውታል። እነሱ ሳያንገራግሩ ሰጡን። ፋንታሁን ጽፎ ያዛቸው፤ ለናሙና ከረጢት ውስጥ ከተታቸው።

በመጨረሻው ቀን ጉድጓዶቹን በሲሚንቶ ለመድፈን ቧንቧዎቹን ስንከፍት አስቻለች ዳገቱን ስትወጣ አየናት። በነጠላዋ የሆነ ነገር አቅፋለች። ደርሳ ትንፋሿ እስኪመለስ ቆመች።

«ሌሊቱን ሳስብ አድሬ ጎህ ሲቀድ አጠብኩት» አለች ለእኔ። «የዝናቡን መስመር በጣቴ ፈለግሁ። የዓሣ አጥንት የመሰለውን፤ ታውቀዋለህ። አንድ አልቀረም።»

«መቼ ጠፋ?»

«እንዴት አውቃለሁ? በየቀኑ ስይዘው አለ ብዬ ነው።» ነጠላውን ገለጠች። «በላነው። እኔም፣ ቤዛም፣ አንተም። እኛ የድርሻችንን በልተናል። የሚወለደው ድርሻ የለውም።»

ፋንታሁን ከረጢቱን ከፈተና፣ «እናቴ፣ አዲስ አበባ ወስጄ ላስመርምረው» አላት። «ይህን ያህል ጊዜ የተፈጨበት ሌላ አላገኘሁም። ለጥናቱ ትልቅ ማስረጃ ነው።»

«አዲስ አበባ ዘመድ የለውም።»

«ለመንደሩ ይጠቅማል።»

«ሁለቱን ይዘሃል። ስለዚህኛው እኔ እነግርሃለሁ፤ ጻፈው።» ከዚያ ወደ ቧንቧዎቹ ዞረች። «ዝናቡ ሣጥኖቹን ሲጠብቅ ይቀመጥ የነበረው ከዚያች ግራር ሥር ነው። ይህ የወጣው አጠገቡ ካለው ነው ብሎኛል።»

ፋንታሁን እኔን አየ። ከዚያ ከረጢቱን አስቀምጦ የግራሯ ሥር ያለውን ቧንቧ ክዳን በመፍቻ ታገለው። ዝገቱ እየተሰባበረ ወለቀ። ጉድጓዱ ጠባብ ነው፤ ድንጋዩም ከዚያው የተፈለቀቀ ነውና ለክተው የሰፉት ይመስል ገባ። አስቻለች ላይኛውን ጫፍ ይዛ ትንሽ ቆየች። በኽምጣንጋ አንድ ነገር ተናገረች። ቋንቋውን ከሞላ ጎደል እሰማለሁ፤ ከተናገረችው የያዝኩት ግን «ልጅህ» የሚለውን ብቻ ነው። ከዚያ ለቀቀችው።

ወዲያው ይወድቃል ብዬ ነበር። ግድግዳውን እየመታ ወረደ። ቅር። ቅር። ቅር። በገበያ ዋዜማ ከግቢው ግራር ጥላ ሥር ይሰማ የነበረው ያው ድምፅ ነው፤ አሁን ግን እየራቀ። አስቻለች አንገቷን ዘንበል አድርጋ ሰማች። ድምፁ ካለቀም በኋላ ቆየች። ፋንታሁን ሲሚንቶውን ራሱ አቦካ፤ አካፋውን ልቀበለው ስል አልሰጠኝም።

ኩባንያው ከሁለት ዓመት በኋላ ጓዙን ጠቅልሎ ሄደ፤ አልተመለሰም። የዓለም ገበያ ወደቀ አሉ፤ የፋንታሁን ጥናት ነው ያሉም አሉ። ኮረብታው ግን እዚያው አለ፤ ገበያ ደግሞ ሲወድቅ ብቻ አይኖርም። ካሤ፣ «ሄዱ አትበሉ፣ ወጡ በሉ፤ የወጣ ይመለሳል» ይሉ ነበር።

ቤዛ ሴት ልጅ ወለደች። ለክርስትናው ከሰቆጣ ወረድኩ። ድሮ በምኖርባት ጎጆ ውስጥ አደርኩና ጠዋት በግድግዳው በኩል መጅ ሲሄድ ሰማሁ። ጨው ይሁን በርበሬ መለየት አልቻልኩም። ቀዩ ድንጋይ ሁሉንም በአንድ ድምፅ ነው የሚፈጨው።

ምሳ ሲቀርብ ሰው ሁሉ በላ። ወጡ ሲጎረስ ጥርስ ላይ ቀርጨጭ አለ። ጎረቤቶቹ ቀና ብለው ተያዩ። አስቻለች ሕፃኗን ታቅፋ ከበሩ አጠገብ ተቀምጣ ታየናለች።

«ምነው፣ አሸዋ አለው?» አለችኝ።

«አለው» አልኩ።

«እሰይ» አለችና ልጅቷን ወደ ትከሻዋ አወጣቻት። «ብላ።»